ገብቶ መቅረት፦ በቫይረስ የሚላክ ጂን በሕዋስ ውስጥ የሚኖረው እንዴት ነው?

የጂን ሕክምና ሐሳቡ ቀላል ነው። በሽታው የመጣው አንድ ጂን በመበላሸቱ ከሆነ፣ ደህናውን ቅጂ ወደ ታማሚው ሕዋስ ማስገባት ነው። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚመረጠው ቫይረስ ነው፤ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ዘረ መሉን ማድረስ የቫይረስ ዋና ችሎታ ነውና። ተመራማሪዎች በሽታ የሚያመጡትንና ቫይረሱ የሚራባባቸውን ጂኖች አውጥተው በምትካቸው ለሕክምና የሚፈለገውን ጂን ያስገባሉ። እንዲህ የተዘጋጀው ቫይረስ ቬክተር ይባላል፤ ጂኑን ያደርሳል እንጂ ራሱን አያባዛም።

ማድረስ ግን የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ሄሞፊሊያ ቢ ያለበት ሰው ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፋክተር 9 የተባለ ፕሮቲን ይጎድለዋል፤ ፕሮቲኑም የሚያስፈልገው ለአንድ ወር ሳይሆን ዕድሜ ልኩን ነው። የተላከው ጂን ከጥቂት ወራት በኋላ ከጠፋ በሽታው ይመለሳል። ሕክምናውን እንደገና መስጠት ደግሞ በአብዛኛው አይቻልም፤ በደም ሥር የተሰጠውን ቫይረስ ሰውነት ከተዋወቀው በኋላ ፀረ እንግዳ አካል ስለሚያዘጋጅበት፣ ሁለተኛው መጠን ሕዋስ ዘንድ ሳይደርስ ይመክናል። ዋጋውም የዋዛ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 በአሜሪካ የተፈቀደው ሄምጀኒክስ የተባለው የሄሞፊሊያ ቢ ሕክምና ለአንድ ጊዜ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ተተምኖለታል። ስለዚህ የሕክምናው ውጤት የሚመዘነው ጂኑ በመግባቱ ብቻ ሳይሆን ገብቶ በመቅረቱም ነው።

ሁለቱ መንገዶች

ቫይረሶች ለረጅም ጊዜ ሕዋስ ውስጥ የሚቆዩባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ፤ ሁለቱም በአገራችን በሚታወቁ በሽታዎች ይታያሉ።

የመጀመሪያው የኤች አይ ቪ መንገድ ነው። ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በየቀኑ ሲወስድ የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይቀንሳል፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። ይህ የሚሆነው የቫይረሱ ጂኖም በአንዳንድ ነጭ የደም ሕዋሳት ክሮሞሶም ውስጥ ተካቶ የሕዋሱ ዲኤንኤ አካል ስለሆነ ነው። ሁለተኛው የአልማዝ ባለጭራ መንገድ ነው። በልጅነት ውሃ የቋጠረ ሽፍታ የሚያወጣው ቫይረስ ልጁ ከዳነ በኋላ አይጠፋም፤ በነርቭ ሕዋሳት አስኳል ውስጥ ለአሥርት ዓመታት አድፍጦ ይቆይና የሰውነት መከላከያ ሲደክም አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ይወጣል። የዚህ ቫይረስ ጂኖም ከክሮሞሶሞቹ ጋር አይዋሃድም። ክብ ሠርቶ ከጎናቸው ለብቻው ይቀመጣል። እንዲህ ያለው ለብቻው የሚኖር ዲኤንኤ ኤፒሶም ይባላል።

የሁለቱ ልዩነት ጎልቶ የሚወጣው ሕዋሱ ሲከፈል ነው። ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ክሮሞሶሞቹን ፊደል በፊደል ይገለብጣል፤ ኤፒሶሙን ግን ለመገልበጥ ግዴታ የለበትም። ነገሩ ቁም ጸሐፊ የብራና መጽሐፍ ሲገለብጥ እንደሚሆነው ነው፤ በመጽሐፉ ገጽ ላይ የተጻፈው ሁሉ ወደ አዲሱ ቅጂ ይተላለፋል፣ በገጾቹ መካከል የተሸጎጠው ብጣሽ ግን በአሮጌው መጽሐፍ ውስጥ ይቀራል። ክሮሞሶም ውስጥ የተካተተ ጂን ሕዋሱ ሺህ ጊዜ ቢከፈልም ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ኤፒሶም ሆኖ የተቀመጠው በእያንዳንዱ ክፍፍል እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ከብዙዎቹ ሕዋሳት ይጠፋል። የጂን ሕክምና ሐኪሞች የትኛውን ቫይረስ ለየትኛው በሽታ እንደሚመርጡ የሚወስነው በአመዛኙ ይህ ነው።

ከክሮሞሶም ጎን የሚቀመጠው፦ ኤኤቪ

በደም ሥር ወይም በቀጥታ ወደ አካል ክፍል በሚሰጡ የጂን ሕክምናዎች በብዛት የሚሠራበት ኤኤቪ የተባለው ቫይረስ ነው። የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን፣ ተመራማሪዎች አዴኖቫይረስ ሲያጠኑ በናሙናቸው ውስጥ ተደባልቆ አገኙት። እጅግ ትንሽ ነው፤ ስፋቱ 25 ናኖሜትር ገደማ፣ ጂኖሙም 4,700 ያህል ፊደላት ያሉት ባለ አንድ ዘርፍ ዲኤንኤ ነው። ለሕክምና ሲዘጋጅ ከራሱ ጂኖም የሚቀርለት በሁለቱ ጫፎች ያሉት 145፣ 145 ፊደላት ብቻ ናቸው። እነዚህ ጫፎች በራሳቸው ላይ ተጣጥፈው መንታ ጆሮ ያለው ማጠፊያ ይሠራሉ፤ ቀጥሎ ለሚሆነው ሁሉ ቁልፉ እነሱ ናቸው።

ቬክተሩ ሕዋሱ ላይ ሲደርስ ከሽፋኑ ላይ ካለ ተቀባይ ጋር ይጣበቅና በከረጢት ተጠቅልሎ ወደ ውስጥ ይሳባል። በከረጢቱ ውስጥ ያለው አሲድ የቫይረሱን የፕሮቲን ቅርፊት ቅርጽ ይለውጠዋል፤ ቬክተሩም ከዚያ አምልጦ ወደ አስኳሉ ያመራል። ብዙዎቹ በመንገድ ላይ ተሰባብረው ይቀራሉ። አስኳል የገቡት ቅርፊታቸውን አውልቀው ዲኤንኤውን ይለቃሉ።

በዚህ ጊዜ ጂኑ ገና ሥራ መጀመር አይችልም። ሕዋስ ጂን የሚያነበው ከባለ ሁለት ዘርፍ ዲኤንኤ ላይ ሲሆን የገባው ባለ አንድ ዘርፍ ነው። ስለዚህ የሕዋሱ የራሱ ኢንዛይም ከተጣጠፈው ጫፍ ተነሥቶ የጎደለውን ዘርፍ ይሠራል፤ ወይም ከሌላ ቬክተር የመጣ ተጓዳኝ ዘርፍ ተገኝቶ ሁለቱ ይገጣጠማሉ። ከሕክምናው በኋላ የፕሮቲኑ መጠን ወዲያው ሳይሆን በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ የሚጨምርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቀጣዩ እርምጃ ለመቆየት ወሳኝ ነው። ጫፉ ክፍት የሆነ ዲኤንኤ ለሕዋሱ የተበጠሰ ክሮሞሶም ይመስለዋል፤ ወይ ከጫፉ እየተበላ ያልቃል፣ ወይ ይጠገናል። የሕዋሱ የጥገና ፕሮቲኖች የቬክተሩን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ ሲያገናኙት ዲኤንኤው ክብ ይሆናል፤ ክብ ደግሞ የሚበላ ጫፍ የለውም። አንዳንዴ የብዙ ቬክተሮች ጂኖሞች ተቀጣጥለው አንድ ትልቅ ክብ ይሠራሉ። በመጨረሻም ሕዋሱ የራሱን ዲኤንኤ በሚጠቀልልባቸው ሂስቶን በተባሉ ፕሮቲኖች ይህንንም ይጠቀልለዋል። በዝንጀሮ ዝርያዎች ጡንቻ ላይ በተደረገ ጥናት የቬክተሩ ጂኖም በአብዛኛው በዚህ መልክ፣ በሂስቶን ተጠቅልሎ በኤፒሶምነት ተቀምጦ ተገኝቷል።

በተፈጥሮው ኤኤቪ በሰው ክሮሞሶም 19 ላይ በአንድ የተወሰነ ቦታ የመካተት ችሎታ አለው፤ ለዚህ ግን ሬፕ የሚባል የራሱ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። የሕክምናው ቬክተር የሬፕ ጂን ስለተወሰደበት ይህን ማድረግ አይችልም፤ አብዛኛው ኤፒሶም ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ምክንያት ኤኤቪ የሚስማማው በማይከፈሉ ወይም በዝግታ በሚከፈሉ ሕዋሳት ላይ ለሚደርስ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 በአሜሪካ የተፈቀደው ላክስተርና በዘር የሚመጣ ዓይነ ስውርነትን ለማከም በሬቲና ሥር ይወጋል፤ የሬቲናው ሕዋሳት አይከፈሉም። በግንቦት 2019 የተፈቀደው ዞልጀንስማ የሕፃናትን ጡንቻ የሚያልፈሰፍሰውን በሽታ ያክማል፤ ጂኑ መድረስ ያለበት እንቅስቃሴን የሚያዙ የሕብለ ሰረሰር ነርቮች ዘንድ ነው፤ እነዚህም ከተወለዱ በኋላ አይከፈሉም።

በጉበት ረገድ ከሁሉ ረጅሙ ማስረጃ የተገኘው ከሄሞፊሊያ ቢ ነው። የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅና የሜምፊሱ ሴንት ጁድ ሆስፒታል ተመራማሪዎች አሥር ወንዶችን በኤኤቪ አክመው የመጀመሪያ ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ2011 አወጡ። በ2025 በታተመው ክትትል፣ በአማካይ ከ13 ዓመት በኋላም የፋክተር 9 መጠናቸው ተረጋግቶ ቆይቷል፤ ከአሥሩ ሰባቱ ለመከላከያ ተብሎ በየጊዜው የሚወጋውን ፋክተር አልወሰዱም። ከአንደኛው ከአሥር ዓመት በኋላ በተወሰደ የጉበት ናሙናም ጂኑ አሁንም ሲሠራ ታይቷል።

ጂኑ የሚጠፋው ወይም የሚዳከመው መቼ ነው?

ሁሉም ሕክምና ይህን ያህል አይዘልቅም። ለመጥፋት ወይም ለመዳከም ቢያንስ ሦስት ምክንያቶች ይታወቃሉ።

አንደኛው የሕዋስ ክፍፍል ነው። በአይጦች ላይ ኤኤቪ ከተሰጠ በኋላ የጉበታቸው ሁለት ሦስተኛ በቀዶ ጥገና ሲወጣ ቀሪው ጉበት ተከፋፍሎ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል፤ የተላከው ጂን የሚያመርተው ፕሮቲን ግን ክፉኛ ያሽቆለቁላል። የሕፃናት ጉበትም ገና እያደገ ነው። በልጅነት የተሰጠ ኤፒሶም ጉበቱ ሲያድግ ሊሳሳ ስለሚችል ጉበትን የሚመለከቱ ብዙ ሕክምናዎች በአዋቂዎች ተጀምረዋል።

ሁለተኛው የሰውነት መከላከያ ነው። ከ2011ዱ ውጤት በፊት በተደረገ የሄሞፊሊያ ቢ ሙከራ ፋክተር 9 ከፍ ብሎ ከሳምንታት በኋላ ወደ መነሻው ተመለሰ፤ በዚያው ጊዜ በደም ውስጥ የጉበት ኢንዛይሞች ጨመሩ። ነጭ የደም ሕዋሳት የቫይረሱን ቅርፊት ቅሪት በጉበት ሕዋሳት ላይ አይተው ሕዋሳቱን ከነጂኑ ማጥፋታቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች ከሕክምናው በኋላ የጉበት ኢንዛይሞችን በቅርብ ይከታተላሉ፤ ሲጨምሩም ፕሬድኒሶሎንን የመሰለ መድኃኒት ሰጥተው መከላከያውን ያበርዳሉ።

ሦስተኛው ጂኑ እያለ ዝም ማለቱ ነው። ሕዋስ ባዕድ የሚመስለውን ዲኤንኤ በኬሚካል ምልክት ሊያሽገውና ሂስቶኖቹን ሊያጠብቅበት ይችላል፤ ያን ጊዜ ጂኑ በቦታው አለ፣ ግን አይነበብም። ስለዚህ ከጂኑ ፊት የሚቀመጠው ማብሪያ ወይም ፕሮሞተር በጥንቃቄ ይመረጣል። ለጉበት ከቫይረስ የተወሰደ ማብሪያ ሳይሆን የጉበት ጂኖች የሚጠቀሙበት ዓይነት ይመረጣል፤ እንዲህ ያለው ቶሎ አይዘጋምና።

የሄሞፊሊያ ኤ ሕክምና የሆነው ሮክታቪያን ሁሉም ሕክምና እኩል እንደማይዘልቅ ጥሩ ማሳያ ነው። የፋክተር 8 ጂን ትልቅ ስለሆነ ተቆርጦ እንኳ ቬክተሩ ከሚችለው መጠን ትንሽ ይበልጣል፤ ጂኖሙ በየቅርፊቱ ጎዶሎ ሆኖ ይታሸግና ቁርጥራጮቹ አስኳል ውስጥ ይገጣጠማሉ። በዋናው ሙከራ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ በአማካይ ከ40 በመቶ በላይ የነበረው የፋክተር መጠን በሁለተኛው ዓመት ወደ ግማሽ ወርዷል። በአንጻሩ በሄምጀኒክስ የታከሙት የፋክተር 9 መጠን በሁለተኛው ዓመት 37 በመቶ ገደማ ሆኖ ቀጥሏል። ሁለቱም የጉበት ሕክምናዎች ናቸው፣ ሁለቱም ኤኤቪ 5 በተባለው የኤኤቪ ዓይነት የሚሰጡ ናቸው፤ መጨረሻቸው ግን ተለያይቷል። ለመቆየት የቫይረሱ ዓይነት ብቻ ሳይሆን የተጫነው ጂንና ሕዋሱ ላይ የሚጥለው የሥራ ጫናም ይቆጠራል።

ከክሮሞሶም ጋር የሚዋሃደው

የደም ሕዋሳት በሽታ ከሆነ ኤፒሶም አይበቃም። በመቅኔ ውስጥ ያሉ ግንድ ሕዋሳት ዕድሜ ልክ እየተከፈሉ አዳዲስ የደም ሕዋሳት ያመርታሉ፤ ጂኑ ወደ ሁሉም እንዲተላለፍ ክሮሞሶም ውስጥ መግባት አለበት። ይህን የሚያደርጉት ሬትሮቫይረሶች ናቸው። ጂኖማቸው አርኤንኤ ነው፤ ሕዋስ ውስጥ ሲገቡ ወደ ዲኤንኤ ይገለብጡትና ኢንተግሬዝ በተባለ ኢንዛይም የሕዋሱን ክሮሞሶም ቆርጠው በውስጡ ይሰፉታል።

የዚህ መንገድ ተስፋም አደጋም አብሮ የታየው በፓሪስ ኔኬር ሆስፒታል ነው። ያለ በሽታ መከላከያ ለተወለዱ ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው ሕክምና መቅኔያቸውን አውጥቶ፣ ጂኑን በሬትሮቫይረስ አስገብቶ መመለስ ነበር። ልጆቹ ከታሸገ ክፍል ወጥተው ቤታቸው ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2002 ግን ከታከሙት አንዱ የደም ካንሰር ያዘው፤ በቀጠሉት ዓመታት በፓሪስና በለንደን ከታከሙ 20 ልጆች አምስቱ ያዛቸው፤ አንዱ ሞተ። ምርመራው የቫይረሱ ዲኤንኤ ኤልኤምኦ 2 በተባለ ካንሰር ቀስቃሽ ጂን አጠገብ ገብቶ እንዳገኘውና የቫይረሱ ኃይለኛ ማብሪያ ያንን ጂን እንደቀሰቀሰው አሳየ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ተለወጠ። አንደኛ፣ ከኤች አይ ቪ የተሠራው ሌንቲቫይረስ በስፋት ሥራ ላይ ዋለ። ይህ ቬክተር እ.ኤ.አ. በ1996 የተዋወቀ ሲሆን፣ የሚገባው በአብዛኛው በሚሠሩ ጂኖች መሐል እንጂ እንደ ቀደመው በጂኖች መጀመሪያ አካባቢ አይደለም። ሁለተኛ፣ ቫይረሱ ክሮሞሶም ውስጥ ሲገባ የራሱ ማብሪያ እንዲጠፋ ጫፉ ተቆርጦ ተሠራ። በዚህ ዘዴ የተዘጋጁ ነጭ የደም ሕዋሳት የደም ካንሰርን ለመዋጋት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ተፈቅደዋል። በ2010 በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ከታከሙ ሁለት ሰዎች ደም ውስጥም እነዚህ ሕዋሳት ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው ተገኝተዋል።

አደጋው ግን ጨርሶ አልጠፋም። ስካይሶና የተባለው የአንጎል በሽታ ሕክምና በሙከራ ከተሰጣቸው 67 ልጆች ቢያንስ ሰባቱን የደም ካንሰር ይዟቸዋል። የዚህ ሕክምና ሌንቲቫይረስ ቬክተር ከቫይረስ የተወሰደ ኃይለኛ ማብሪያ ነበረው፤ ስለዚህ ከቦታው በተጨማሪ የማብሪያው ጉልበት ወሳኝ ሆኖ ተገኘ።

ኤኤቪም ቢሆን ከዚህ ሙሉ በሙሉ ነጻ አይደለም። ከገባው ጂኖም ትንሹ ክፍል ክሮሞሶም በተበጠሰበት ቦታ ተሰክቶ ይቀራል። ለሄሞፊሊያ ኤ የታከሙ ዘጠኝ ውሾች እስከ አሥር ዓመት ተከታትለው ሲጠኑ፣ በአንዳንዶቹ ጉበት ውስጥ ቬክተሩ የተካተተባቸው ሕዋሳት ተባዝተው ተገኙ፤ በሁለቱ ውሾችም የፋክተር 8 መጠን በዓመታት ውስጥ ከፍ አለ። በውሾቹ ላይ ካንሰር አልታየም። እንደተወለዱ ኤኤቪ በተሰጣቸው አይጦች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ግን የጉበት ካንሰር ታይቷል።

መቆየት የማያስፈልግበት ጊዜ

ሁሉም ቬክተር እንዲቀር አይፈለግም። አዴኖቫይረስ 36,000 ያህል ፊደላት ያሉት ዲኤንኤ አስኳል ውስጥ ያደርሳል፤ ከክሮሞሶም ጋር በአብዛኛው አይዋሃድም፤ የሰውነት መከላከያንም በኃይል ያስነሣል። ለዘላቂ ሕክምና ይህ ጉድለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ በአዴኖቫይረስ ሙከራ ላይ የነበረ የ18 ዓመት ወጣት በዚህ ዓይነት ከባድ ምላሽ ሞቷል። ለክትባት ግን ያው ጠባይ ይጠቅማል። የካቲት 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ወደ ኢትዮጵያ የገባው 2.2 ሚሊዮን ገደማ መጠን የአስትራዜኔካ የኮሮና ክትባት በቺምፓንዚ አዴኖቫይረስ የተሠራ ነበር። የሚፈለገው ጂኑ ለጥቂት ጊዜ ተነብቦ መከላከያውን ካስተማረ በኋላ ከሕዋሱ ጋር እንዲጠፋ ነው።

ቆዳም ሌላ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 በአሜሪካ የተፈቀደው ቪጁቬክ ቆዳቸው በትንሽ ንክኪ ለሚላጥ ሕሙማን ከሄርፒስ ቫይረስ የተሠራ ጄል ሲሆን፣ በየሳምንቱ ቁስል ላይ ይቀባል። የቆዳ ሕዋሳት በየጊዜው ረግፈው ስለሚተኩ መደጋገሙ የሕክምናው አካል ሆኗል።

ወደ ፊት

ተመራማሪዎች አሁን የሚፈልጉት የሁለቱን ጥቅም ያጣመረ መንገድ ነው፤ ክሮሞሶም ሳይነካ ሕዋሱ ሲከፈል አብሮ የሚከፈል። በተፈጥሮ ኤፕስታይን ባር የተባለው ቫይረስ ይህን ያውቅበታል፤ ኢቢኤንኤ 1 የተባለው ፕሮቲኑ ኤፒሶሙን ከክሮሞሶሙ ጋር አያይዞ በክፍፍል ጊዜ ወደ ሁለቱም ልጅ ሕዋሳት ያሻግረዋል። ከሰው ዲኤንኤ የተወሰዱ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ክፍሎችም በቬክተር ላይ እየተሞከሩ ነው። ሌላው መንገድ ጂኑን በዘፈቀደ ሳይሆን በተመረጠና ጉዳት በማያስከትል ቦታ መክተት ነው።

እስከዚያው ዋስትናው ክትትል ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ክሮሞሶም ውስጥ በሚገቡ ቬክተሮች የታከሙ ሰዎች እስከ 15 ዓመት፣ በኤኤቪ የታከሙ ደግሞ እስከ አምስት ዓመት ክትትል እንዲደረግላቸው ይመክራል። ስለዚህ የጂን ሕክምና የቀረበለት ታማሚ ወይም ወላጅ ሐኪሙን ሦስት ነገር ቢጠይቅ ተገቢ ነው፦ ጂኑ የሚገባው በሚከፈል ሕዋስ ነው ወይስ በማይከፈል? ከክሮሞሶም ጋር ይዋሃዳል ወይስ ለብቻው ይቀመጣል? ከሕክምናው በኋላስ ለስንት ዓመት ክትትል ይደረግለታል?